ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ የበሽታ ምርመራ ተመራማሪ ለመሆን

ደሴ ውስጥ ሦስት ቀን ያተኮሰው ሰው ምን እንደሚባል ሳይመረመርም ይታወቃል። "ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ።" ወረቀቱን ይቀበላል፣ ሲፕሮውን ይገዛል፣ ይውጣል። ይሻለዋል ወይ አይሻለውም። ሁለት ወር ቆይቶ ደግሞ እንደገና ታይፎይድ። ሰፈሩ ሁሉ ታይፎይድ። "የኔ ታይፎይድ ብርድ ሲነካኝ ይነሳብኛል" የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም።

ይህን ወረቀት አይታችሁ "ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እውነት ታይፎይድ ነው?" ብላችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ወይም ጤና ሳይንስ እየተማራችሁ ይሆናል፣ ተመርቃችሁ ገጠር ጤና ጣቢያ ተመድባችሁ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ገና ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ሆናችሁ "ሳይንቲስት እሆናለሁ" እያላችሁ ይሆናል። የተላላፊ በሽታ ምርመራን ማጥናት ማለት የምርመራ ውጤትን መጠራጠር፣ ጥርጣሬውን በቁጥር ማስቀመጥ፣ ከዚያ የተሻለ መንገድ መፈለግ ነው። ጂኖሙ፣ ኮንፈረንሱ፣ አሜሪካው ቢመጣም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያው ግን እዚሁ ነው፣ አብሽሩ።

ዓመተ ምህረት ካላልኩ በቀር የምጽፋቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ወረቀቱን ጠርጥሩ

የታይፎይዱ ምርመራ ዊዳል ይባላል። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል በ1896 ያወጣው ነው። የታይፈሱ፣ ማለትም የተስቦው፣ ዌይል-ፌሊክስ ደግሞ ከ1916 ጀምሮ አለ። ሁለቱም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እድሜያቸው ብቻውን ባልከፋ። ችግሩ ሁለቱም ጀርሙን ራሱን አያዩም፤ የሚያዩት ሰውነታችን ለጀርሙ ያዘጋጀውን ፀረ-እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ በሽታው ከለቀቀ በኋላ ለወራት ይቆያል፣ ሌላ ኢንፌክሽንም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ዊዳልን በደንብ ለመጠቀም ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ወስዶ መጠኑ 4 እጥፍ ማደጉን ማየት ያስፈልጋል። እያተኮሰው ሁለት ሳምንት የሚጠብቅ ማን አለ? ስለዚህ አንድ ጠብታ ሴረም ስላይድ ላይ፣ አንድ ጠብታ ሪኤጀንት፣ ነቅነቅ፣ ትንንሽ ፍርፋሪ ከታየ "ሪአክቲቭ"። በቃ።

ከዚህ የምርምር ጥያቄ እንዴት እንደሚወጣ እዩ። "የዊዳል ጥራት ደሴ ላይ ምን ይመስላል?" ብትሉ ገና ጥሬ ነው። "ትኩሳት ይዟቸው ወደዚህ ጤና ጣቢያ ከመጡ አዋቂዎች በስላይድ ዊዳል ፖዘቲቭ ከተባሉት ውስጥ ስንቱ ላይ በደም ካልቸር፣ ማለትም ደሙን ላብራቶሪ ውስጥ አቆይቶ ጀርሙን በማሳደግ፣ የታይፎይዱ ጀርም ሳልሞኔላ ታይፊ ይገኛል?" ብትሉ ግን ጥያቄ ሆነ። ማንን፣ የት፣ በምን፣ ከምን ጋር አወዳድራችሁ፣ አራቱም አሉበት። ወዲያው ሁለተኛው ራስ ምታት ይመጣል። ካልቸር ራሱ ንጹሕ ዳኛ አይደለም፤ ከ10 የታይፎይድ ታማሚ 4ቱን ያህል ሊያመልጠው ይችላል፣ ሰውየው አስቀድሞ መድኃኒት ከዋጠማ የባሰ ነው። እና የምታወዳድሩበት ራሱ የሚሳሳት ከሆነ ምን ታደርጋላችሁ? የዚህ ሙያ ግማሹ ይህን ጥያቄ ሲያገላብጡ መኖር ነው ብል አላጋነንኩም። ይህ ከሰለቻችሁ ሌላ መስክ ፈልጉ፣ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ።

አንድ ስሌት፣ በወረቀትና በእስኪርቢቶ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ይህችን ስሌት በእጃችሁ ሥሩ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ብዬ የመረጥኳቸው ናቸው።

አንድ የወባ ምርመራ አለ እንበል። ወባ ካለባቸው 100 ሰዎች 90ውን ያገኛል። ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 95ቱን በትክክል "የለባችሁም" ይላል። ጥሩ ምርመራ ይመስላል አይደል? ደሴ ከተማ ላይ ያተኮሳቸውን 1,000 ሰዎች መረመራችሁበት፣ ደሴ ደጋ ነውና እውነተኛው ወባ ያለባቸው 10 ብቻ ናቸው። ምርመራው 9ኙን ያገኛል። ከቀሩት 990 ጤነኞች ግን 5 በመቶውን፣ ወደ 50 ሰው፣ በስህተት "ወባ አለባችሁ" ይላል። በድምሩ 59 ፖዘቲቭ። እውነቱ 9። ከ6 ፖዘቲቭ አንዱ ብቻ ነው ወባ ያለበት ማለት ነው።

ያንኑ ኪት፣ ያንኑ ባለሙያ ይዛችሁ ቆላ ውረዱ። ከ1,000ው 200ው ወባ አለባቸው። ምርመራው 180ውን ያገኛል፣ ከ800ው ጤነኛ 40ውን በስህተት ይይዛል። 220 ፖዘቲቭ፣ 180ው እውነት። ከ5ቱ ከ4 በላይ።

ኪቱ አልተለወጠም። የተለወጠው አገሩ ነው። አንድ ወረቀት ላይ የተጻፈች "ፖዘቲቭ" የምትል ቃል በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥታ ስትወርድ ዋጋዋ ይቀያየራል። ይህ ነገር አንዴ ከገባችሁ "ይህ ኪት 99 ከመቶ ትክክል ነው" የሚል ሻጭ ሲመጣ የት፣ ማን ላይ ተሞክሮ ነው ብላችሁ መጠየቅ ትጀምራላችሁ። ማስተርስ ይዞ ይህን የማይጠይቅ ሰው ሞልቷል።

ከደሴ እስከ ባቲ ያለው ዳገትና ቁልቁለት

ሰዎች ምርምር ሲሉ ዓይናቸው አዲስ አበባ ነው። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ለዚህ ሙያ እንደኛ አካባቢ የተመቸ ብዙ ቦታ የለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጦሳ ሥር ቁጭ ብላለች። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ገደማ ናችሁ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጃኬት ማውለቅ የምትጀምሩበትን ቦታ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ ከቀጠላችሁ ቆላ ገባችሁ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የምትሄዱበት መንገድ ላይ የበሽታው ዓይነት ይቀያየራል።

ባቲን እንውሰድ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ አለች። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ፍለጋ ሲደረግ ከተገኘችባቸው ከተሞች አንዷ ባቲ ናት። ይህች ትንኝ ከለመድናቸው ትለያለች፤ ከተማ ትወዳለች፣ በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ግንባታ አላት፣ ከባቲ በኩል በየቀኑ መኪና ይገባባታል። የምርምር ጥያቄ ፍለጋ ለሚንከራተት ሰው ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ሌላው የአርዲቲው ጉዳይ ነው፣ ማለትም በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን የወባ ምርመራ። ብዙዎቹ ኪቶች ፋልሲፓረም ወባን የሚያገኙት ኤችአርፒ-2 የሚባል ፕሮቲኑን ፈልገው ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋበት ፋልሲፓረም ግን አለ። ኪቱ አያየውም፣ ሰውየው "ነጻ ነህ" ተብሎ ይሸኛል። አማራን፣ ትግራይንና ጋምቤላን ያካተተ ጥናት ይህ እኛም አገር እንዳለ አሳይቶ በ2021 ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዚህ ምክንያት የሚያመልጠው ከ5 በመቶ ካለፈ አገሩ ኪት ይቀይር ይላል። ልብ በሉ፣ የዚህ ነገር የመጀመሪያ ፍንጭ የሚታየው ተራ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። አርዲቲው ኔጌቲቭ ይላል፣ ባለሙያዋ ግን በጂምሳ ቀለም የቀባችውን ስላይድ ስታይ ፓራሳይቱ ቁጭ ብሏል። "ኪቱ ተበላሽቶ ይሆናል" ብላ ካለፈችው አለፈ። ቀኑን፣ የኪቱን ባች ቁጥርና የታማሚውን ኮድ ጽፋ ስላይዱን ካስቀመጠችው ግን ምርምር ጀምራለች።

ከዚህ ውጭ ያለውን ላሽ ብዬ ልለፈው፣ ራሳችሁ ትቆፍሩታላችሁ። ሐይቅና ከሚሴ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ፤ ካቶ-ካትዝ የሚባለው የሰገራ ምርመራ የሚያየው 41.7 ሚሊግራም ብቻ ነው፣ የተቆጠረው እንቁላል በ24 የሚባዛው ለዚህ ነው፣ ትንሽ ትል ያለበት ሰው በቀላሉ ያመልጠዋል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምናው ስሙ የቆየ ነው፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢም ይታከምበታል። ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት ጤና ምርመራ ላብራቶሪ አለ፤ አባ ሰንጋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ የከብት ቲቢ ለሚያሳስበው በሩ እዚያ ነው። የባቲ የሰኞ ገበያ ግመልም አለላችሁ፤ የኢትዮጵያ ግመሎች ላይ ከግመል ወደ ሰው ለሚተላለፈው መርስ ቫይረስ የተዘጋጀ ፀረ-እንግዳ አካል በብዛት ተገኝቷል። ደሴ ላይ ደግሞ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ አለ። እነዚህን ሁሉ በሚኒባስ ታዳርሷቸዋላችሁ ማለት ይቻላል።

ምን ልማር?

ሜዲካል ላብራቶሪ ቀጥተኛው መንገድ ነው። ሕብረተሰብ ጤና፣ ባዮሎጂ፣ ቬተርናሪ፣ ፋርማሲም ያስኬዳል። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሶፍትዌር የሚማር ልጅም ዳታ ላይ ተፈላጊ ነው። "ለምን ሐኪም አትሆንም?" የሚለው የቤተሰብ ጥያቄ አይቀርላችሁም፣ ታገሱት። ከየትኛውም ትምህርት በላይ የምመክረው ሁለት ነገር ነው፤ ስታትስቲክስን አትሽሹ፣ እንግሊዝኛ ማንበብን ልማድ አድርጉ። ሶፍትዌር ደግሞ የተሰረቀ ኤስፒኤስኤስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ከምታጋቡ ኤፒ ኢንፎ ወይም አር ተማሩ፣ ሁለቱም በነጻ ናቸው። ቫይረሱን ለላብራቶሪው ብቻ ተዉት።

መዝገቡ ውስጥ ያለው ሀብት

ገንዘብ የለኝም፣ ፒሲአር የለኝም፣ አድቫይዘር የለኝም። እሺ። መዝገብ አላችሁ? በየጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ አለ። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የመጀመሪያ ሥራችሁን ከእሱ ጀምሩ።

በአገራችን የጤና ተቋማት ወባን ጨምሮ የተመረጡ በሽታዎችን በየሳምንቱ ሪፖርት ያደርጋሉ። ሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። ከዚህ ቁጥር የወረርሽኝ ማስጠንቀቂያ መስመር እንዲህ ይሠራል። ያለፉትን 5 ዓመታት የወባ ቁጥር በየሳምንቱ ጎን ለጎን ጻፉ። 40ኛው ሳምንት ላይ 19፣ 64፣ 12፣ 31፣ 23 አገኛችሁ እንበል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩት፦ 12፣ 19፣ 23፣ 31፣ 64። ከላይ ሁለተኛውን ያዙ። 31 የዚያ ሳምንት መስመር ነው። ዘንድሮ በዚያ ሳምንት 45 ከመጣ መስመሩ ታልፏል፣ ስልክ መደወል አለበት። 64ቱን ለምን አልያዝንም? ያ ዓመት ራሱ ወረርሽኝ የነበረበት ሊሆን ይችላል፤ እሱን መስመር ካደረግነው የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሳናየው ያልፋል። ሁሉንም ሳምንት እንዲህ ሥሩና በግራፍ ወረቀት አውጡት። ይህ የሚሠራው በእስኪርቢቶ ነው፣ ግን እውነተኛ የበሽታ ቅኝት ነው።

ስትሠሩት ሁለት ጉድ ታገኛላችሁ። አንደኛው የቀን አቆጣጠር ነው። መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል፣ የሪፖርቱ ሳምንት የሚቆጠረው በፈረንጁ ነው፣ መሐል ላይ ጳጉሜ አለች። ከእኛ ወደነሱ ስትቀይሩ በአራት ዓመት አንዴ አንድ ቀን ይገፋል። ሁልጊዜ ሁለቱንም ቀን በተለያየ ዓምድ ያዙ፣ ዋናውን በፍጹም አትሰርዙ። ሁለተኛው ዜሮ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ምን ውስጥ እንደነበሩ ለእናንተ አልነግርም። ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ሪፖርት ተቋርጧል። የዚያ ወር ሳጥን ባዶ ከሆነ "ወባ አልነበረም" ማለት አይደለም፣ የሚቆጥር ሰው አልነበረም ማለት ነው። ባዶና ዜሮን የሚያምታታ ዳታ ጭራሽ ዳታ ከማጣት ይከፋል። ከውጭ አገር ሆኖ የእኛን ቁጥር የሚተነትን ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል፣ እናንተ ግን ታውቃላችሁ።

384

አሁን ትንሽ ልናደድ። በየዓመቱ የሚወጣውን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አንብቡ። የእንትን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ እንትን ሆስፒታል፣ እንትን ዓ.ም.። ናሙናው ደግሞ 384፣ በዚያ ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 423። ስርጭቱን 50 በመቶ፣ የስህተት መጠኑን 5 በመቶ ብላችሁ ቀመሩ ውስጥ ስታስገቡ የሚወጣው ቁጥር ነው፣ ስህተት የለውም። ግን ጥያቄው ምንም ይሁን ምን መልሱ 384 ከሆነ ማንም አላሰበበትም ማለት ነው።

ምርመራን የምትፈትሹ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። ምን ያህል በሽተኛ፣ ምን ያህል ጤነኛ እንደሚያስፈልጋችሁ ለየብቻ ታሰላላችሁ። ያተኮሰው ሰው ሁሉ በመጣበት ተራ ይግባ፤ ፊቱ የጠቆረውን ብቻ ከመረጣችሁ ኪቱ ከሆነው በላይ ያምርባችኋል። ስላይዱን የምታነበው ባለሙያ የአርዲቲውን ውጤት ማወቅ የለባትም፣ አርዲቲውን የሚያነበውም እንዲሁ። ይህን በወሬ ሳይሆን በተግባር አድርጉት፤ ኮድ ብቻ ይጻፍበት፣ ሁለቱ የተለያየ ክፍል ይቀመጡ። ኔጌቲቭ ለማለት በማይክሮስኮፑ 100 ፊልድ፣ ማለትም 100 የስላይዱ ቦታ፣ መታየት አለበት ከተባለ 100 ይታይ፤ ሰልፉ በር ላይ ሲገፋፋ 30 አይቶ "የለም" ማለት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱ አንባቢዎች ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ያንብብ። ስታርድ የሚባል የምርመራ ጥናት እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳይ 30 ነጥብ ያለው መመሪያ አለ፣ የ2015ቱን እትም አውርዳችሁ ፕሮፖዛል ስትጽፉ ጎናችሁ አድርጉት። ስትጨርሱ አይደለም፣ ስትጀምሩ።

ወረቀትና ፈቃድ

ላይ ታች የሚያስብላችሁ ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲው የሥነ-ምግባር ኮሚቴ ያጸድቃል፣ ከዚያ የድጋፍ ደብዳቤ ወደ ዞን ጤና መምሪያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ። ደብዳቤውን ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፣ ማኅተሙ በደንብ ይታይ። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው ከተባላችሁ ጠብቁ፤ በጸሐፊዋ በኩል ሹክ ብሎ ማለፍ ኋላ መዘዝ አለው።

የፈቃድ ቅጹ ሰው በሚገባው አማርኛ ይጻፍ። "በዚህ ጥናት ተሳታፊ በመሆንዎ የሚደርስብዎ ጉዳት አነስተኛ ነው" ብሎ ነገር ለእማማ ምንም አይነግራቸውም። "ከጣትዎ ሁለት ጠብታ ደም እንወስዳለን፣ ትንሽ ያምማል፣ እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይቀርም" በሉ። ከሚሴና ባቲ በኦሮምኛም ይዘጋጅ። ምርመራው በሽታ ካገኘ ሰውየው ሕክምና ማግኘት አለበት፣ ይህ ፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ ይግባ። ናሙና ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ያስፈልጋል፤ "በሻንጣ ይዤልህ እሄዳለሁ" የሚል ፈረንጅም ሆነ ሐበሻ ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ሂዱ።

መብራት ሲጠፋ ናሙናው የት ይደር?

80 ከዜሮ በታች የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር የምርምር ሕልም ነው፣ መብራቱ ግን የእኛው መብራት ነው። ሴረም ቀልጦ እንደገና ከበረደ ውጤቱ ያስቸግራል። ስለዚህ ከወሰዳችሁ ወዲያው በሁለት ሦስት ትንንሽ ቱቦ ከፋፍሉት፣ ለአንድ ምርመራ አንዱን ብቻ አውጡ። ሙቀቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይመዝገብ፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር። ጄኔሬተሩ አለ መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ናፍጣው ማን ኪስ እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፋችሁ የማጣሪያ ወረቀት ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ ደም ዋትማን ወረቀት ላይ ታንጠባጥባላችሁ፣ ዝንብ በማይደርስበት ጥላ ቦታ ይደርቃል፣ ከሲሊካ ጄል ጋር በሚዘጋ ፌስታል ይታሸጋል። ለወባ ጂን ምርመራ በቂ ነው፣ ፍሪዘር ሳይጠብቅ ይጓዛል። የደሙን ነጠብጣብ በጣታችሁ አትንኩት፣ እርጥቡን አታሽጉት፣ ኮዱን በእርሳስ ጻፉ። እስኪርቢቶ አልኮል ሲነካው ይሄዳል።

አክታ ከሆነ ደግሞ ፖስታ ቤት የቲቢ ናሙና የሚያመላልስበት አሠራር እንዳለ እወቁ። ጂን ኤክስፐርት ከ2010 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የተመከረ መሣሪያ ነው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቲቢውንም፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት መላመዱንም ይናገራል። ግን ከሩቅ ቀበሌ የተነሳ አክታ ማሽኑ ጋ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል? ውጤቱስ ተመልሶ ታማሚው እጅ ይገባል? ይሄም የምርመራ ምርምር ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ሰዓትና መዝገብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሰው መፈለግ

ብቻችሁን አትችሉትም። መምህራን ሥራ ይበዛባቸዋል፣ "ምርምር መሥራት እፈልጋለሁ" የሚል መልእክት በየሳምንቱ ይደርሳቸዋል፣ አይመልሱም። የሚመለስለት እንዲህ ያለው ነው፦

"ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ገጠር ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ባለፈው መስከረምና ጥቅምት በአርዲቲ ኔጌቲቭ ተብለው በማይክሮስኮፕ ፋልሲፓረም የተገኘባቸው ሰዎች አሉ። ሰንጠረዡን አያይዤልዎታለሁ፣ ስላይዶቹንም አስቀምጫለሁ። 20 ደቂቃ ቢሰጡኝ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚገባኝ ያማክሩኝ ነበር። አመሰግናለሁ።"

አጭር፣ አክብሮት ያለው፣ ባዶ እጁን ያልመጣ። በሳምንቱ ካልተመለሰ አንዴ አስታውሱ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው።

ማስተርስና ፒኤችዲ ላይ አዲስ አበባ ያሉትን ማወቅ ግድ ነው። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብሔራዊ ላብራቶሪዎቹን ይዟል። በ1970 ለሥጋ ደዌ ምርምር የተመሠረተው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ዛሬ ቲቢውንም ሌላውንም ያጠናል። ከቢሮ ይልቅ ሜዳ ለሚወድ ሰው ከ2009 ጀምሮ ያለው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ የሁለት ዓመት ሥልጠና አለ፤ ወረርሽኝ ሲነሳ መኪና ላይ የሚወጡት እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ለቢልሃርዚያ ጥናት ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እንዶዱ ነበር የገደላቸው። ያችን ነገር ለዓለም ለማሳመን አሥርት ዓመታት ፈጀባቸው፤ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተቀበሉት በ1989 ነው። ወንዝ ዳር ልብስ ሲታጠብ ያላየ ማን አለ? ቆም ብሎ ቀንድ አውጣውን ያየ ነው የጠፋው።

ማሳተምና ገንዘብ

በኢሜይል "እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር" ብሎ የሚጠራችሁ መጽሔት ካለ ገና ዲግሪያችሁን አልያዛችሁም እኮ፣ ምኑ ነው ፕሮፌሰርነቱ። በሦስት ቀን አጽድቆ ዶላር የሚጠይቅ ሌባ ነው። ደህና መጽሔቶች ኢትዮጵያ ከሚገኝ ተመራማሪ ብዙ ጊዜ የማሳተሚያ ክፍያ አይወስዱም ወይም ይቀንሳሉ፣ ጽሑፉን ስትልኩ በዚያው ሰዓት ጠይቁ። ለማንበብም የሕክምና መጽሔቶችን የሚከፍትላችሁ ሂናሪ የሚባል የዓለም ጤና ድርጅት አገልግሎት አለላችሁ፤ የይለፍ ቃሉን የተቋማችሁ ላይብረሪ ይዞታል። ከ1962 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔትም አያሳፍርም።

ውጤታችሁን ግን ከመታተሙ በፊት ዳታ ለሰጣችሁ ጤና ጣቢያ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ውሰዱ። ሰኞ ጠዋት አትሂዱ፣ ሰልፍ ነው። እነሱ ናቸው ቁጥሩ ውስጥ ያለውን ስህተት የሚያርሟችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡን የሚከፍቱላችሁም እነሱ ናቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሽም፣ በዚህ ሥራ ቤት አይሠራም። መጀመሪያ ላይ የዩኒቨርሲቲው አነስተኛ የምርምር በጀት ላይ ከመምህር ጋር ተደርቦ መግባት ይሻላል። ቀጥሎ የአውሮፓውያኑን ኢዲሲቲፒ፣ የዓለም ጤና ድርጅቱን ቲዲአር፣ የጀርመኑን ዳድ የገንዘብ ድጋፍ ጥሪዎች እየተከታተሉ ማመልከት ነው። አበል ብቻ የሚያሳድድ የጥናት ቡድን ውስጥ አትግቡ፤ ቅጹን ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ሲሞሉት ያየ ሰው ይነግራችኋል፣ አንዴ በሐሰተኛ ዳታ ስማችሁ ከተነሳ ደግሞ ይህ አገር ትንሽ ነው።

ስታመለክቱ ሰዓቱን በደንብ አስሉ። የአውሮፓዎቹ ጥሪ "17:00 ብራስልስ" ካለ በእነሱ በጋ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ በእነሱ ክረምት ግን 1 ሰዓት። ፋይሉን ከሁለት ቀን በፊት ስቀሉት። በመጨረሻው ቀን መብራትም ኔትወርክም ሊሄድ ይችላል፣ ለብራስልስ ሰዎች ያንን በደብዳቤ ማስረዳት አይቻልም።